የሚናገሩ እንስሳትና አስማት ያሉበትን መጽሐፍ ስለ ማንበብ

ፊደል ቈጥሮ፥ ዳዊት ደግሞ፥ ወደ ልዩ ልዩ መጽሐፍ የተሸጋገረ ልጅ አንድ ቀን እንዲህ ያለ መጽሐፍ ያገኛል። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ፈረስ ይናገራል፤ አንበሳ ይዘምራል፤ የቁም ሣጥን በር ሰውን ወደ ሌላ አገር ያስገባል። ልጁ ይህን ማንበብ በጀመረ ጊዜ እራቱን ይረሳል፤ ሲጠሩት አይሰማም፤ የኩራዙ ጋዝ እስኪያልቅ ድረስ ከመጽሐፉ ላይ ቀና አይልም።

ታላላቆቹ ግን መጽሐፉን ገልጠው «አስማት» የሚለውን ቃል ባዩ ጊዜ ይደነግጣሉ። «ይህ ሐሰት ነው፤ ደግሞም ጥንቈላ ነው» ብለው ከእጁ ይነጥቁታል፤ በሣጥንም ይቈልፉበታል። ልጁ ምን እንዳጠፋ አይገባውም። ደስ ማለቱን እንደ ኀጢአት ቈጥሮ ያፍራል፤ ወይም ከዚህ በከፋ መንገድ መጽሐፉን በስውር እያነበበ ከወላጆቹ መሸሸግን ይለምዳል። ስለዚህ ነገሩ እንደ ቀላል የሚታለፍ አይደለም። ሁለቱም ክሶች ተመርምረው ሊፈረድባቸው ይገባል።

ሐሰት ማለት ሰው እውነት መስሎት እንዲቀበለው ተብሎ የሚነገር ነገር ነው። ሌባ «አልሰረቅሁም» ሲል ዳኛው እንዲያምነው ይፈልጋል። ወተቷን በውሃ የቀላቀለች ሴት «ንጹሕ ነው» ስትል ገዢው እንዲያምናት ትፈልጋለች። ተረት የሚያወራ ሽማግሌ ግን ጦጣ ከነብር ጋራ ተሟገተች ብሎ ማንንም አያታልልም። «ተረት ተረት» ሲል ልጆቹ «የላም በረት» ብለው ይመልሱለታል፤ በዚህም ተናጋሪውና ሰሚዎቹ ተስማምተው አንድ በር ይከፍታሉ። ሲጨርስም ተረቴን መልሱ፥ አፌን በዳቦ አብሱ ብሎ በሩን ይዘጋዋል። ከእሳቱ ዳር የተቀመጠው ትንሹ ልጅ እንኳ ገብቶ መውጣቱን ያውቃል፤ በማግሥቱም ጦጣ ባየ ጊዜ እንደምን አደርሽ አይላትም።

በቅዱስ መጽሐፍም እንዲህ ያለ ነገር ይገኛል። በመጽሐፈ መሳፍንት በምዕራፍ 9 እንደ ተጻፈው ኢዮአታም በገሪዛን ተራራ ራስ ላይ ቆሞ ለሴኬም ሰዎች ስለ ዛፎች ተናገረ። ዛፎች ንጉሥ ሊያነግሡ ሄዱ፤ ወይራውም በለሱም ወይኑም እንቢ አሉ፤ እሾሁ ግን እሺ አለ። ከሴኬም ሰዎች ዛፍ ሲሄድ ያየ አልነበረም፤ ሆኖም ኢዮአታምን ስለዚህ ሐሰተኛ ነህ ብሎ የሚነቅፈው የለም።

በአማርኛም ለእንዲህ ያለው ድርሰት መልካም ስም አለው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓመተ ምሕረት በሮም ከተማ ያሳተሙት መጽሐፍ «ልብ ወለድ ታሪክ» ተባለ። ልብ የወለደው ማለት ነው። ልብ የሚወልደው ነገር መልካምም ክፉም ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን በዚህ ስም የተጠራ መጽሐፍ ገና ከሽፋኑ ማንነቱን ተናግሯልና በማታለል ሊከሰስ አይገባውም።

ሁለተኛው ክስ ከፊተኛው ይልቅ ይከብዳል። በኢትዮጵያ አገር አስማት የመጽሐፍ ጨዋታ ብቻ አይደለም። ልጇ የታመመባት እናት ያለቻትን አንዲት ፍየል ሽጣ ለጠንቋይ ትሰጣለች። ጎረቤቱን የሚጠላ ሰው ወደ መተተኛ ይሄዳል። በዚህ ነገር ስንት ትዳር ፈርሷል፤ ስንት ወንድማማችም ተለያይቷል! ስለዚህ አንድ አባት ቃሉን አይቶ ቢደነግጥ ሞኝ አይባልም። ዳሩ ግን ዳኛ የተከሳሹን ስም ብቻ ሰምቶ አይፈርድም፤ ሥራውን ይመረምራል። እንግዲህ ከእነዚህ መጻሕፍት የታወቁትን ገልጦ አስማተኛው በውስጣቸው ምን እንደሚሠራና መጨረሻው ምን እንደሚሆን ማየት ይሻላል።

ክላይቭ ስቴፕልስ ሉዊስ የሚባል ሰው በአየርላንድ፥ በቤልፋስት ከተማ በ1898 ዓመት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ተወለደ። ከዚህ በኋላ የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው። በልጅነቱ ከወንድሙ ጋራ ሆኖ፥ ልብስ የለበሱና የሚናገሩ እንስሳት የሚኖሩበትን አገር በአሳቡ ፈጥሮ ታሪኩን ይጽፍ፥ ሥዕሉንም ይሥል ነበር። አድጎም በኦክስፎርድ፥ ኋላም በካምብሪጅ የታወቀ መምህር ሆነ። በወጣትነቱ ከእምነት ርቆ ነበር፤ በኋላ ግን ወደ ክርስትና ተመልሶ ስለ ሃይማኖት ብዙ መጻሕፍት ጻፈ። ከ1950 እስከ 1956 ዓመት ድረስም በየዓመቱ አንድ አንድ እያደረገ ናርንያ ስለምትባል አገር ሰባት መጻሕፍት ለልጆች አሳተመ። በ1963 ዓመት ሞተ።

አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ፥ መምህሩ አስቀድሞ ትምህርቱን አዘጋጅቶ እንደ ኮሶ በማር ለውሶ ለልጆች አጠጣቸው ብሎ ያስባል። ሉዊስ ራሱ የተናገረው ግን እንዲህ አይደለም። ነገሩ የተጀመረው በአንድ ሥዕል ነው። ከወገቡ በላይ ሰው፥ ከወገቡ በታች ፍየል የሆነ ፍጥረት በረዶ በለበሰ ዱር ውስጥ ጃንጥላ ይዞ፥ እሽጎችም ታቅፎ ሲሄድ በአሳቡ ታየው። ያን ጊዜ ዕድሜው 16 ዓመት ያህል ነበረ። ይህንንም ሥዕል ከሃያ ዓመት በላይ በልቡ ይዞት ኖረ፤ ታሪክ ላድርገው ብሎ የተነሣው ወደ 40 ዓመት ሲጠጋ ነው። እንግዲህ ደስታው ከትምህርቱ ቀድሟል ማለት ነው። ልጅን በየገጹ እያስቆመ «ይህ ምን ያስተምራል?» እያለ የሚያስጨንቅ መምህር ይህን ቢያስብ መልካም ነበረ። ጥጃ ከላሟ ሥር ገብቶ ሲጠባ በየጊዜው እየጐተተ «ምን ያህል ጠባህ?» የሚል እረኛ የለም።

ከሰባቱ መጻሕፍት በመጀመሪያ የታተመው በጦርነት ጊዜ ከሎንዶን ወጥተው በገጠር ወደሚኖር አንድ ሽማግሌ ሊቅ ቤት ስለ ተላኩ አራት ልጆች ይናገራል። ታናሺቱ ሉሲ በቁም ሣጥን ውስጥ አልፋ፥ አንዲት ጠንቋይ ወደ ያዘችው አገር ትገባለች። በዚያ አገር በረዶው አያልቅም፤ የልደት በዓልም አይደርስም። ሉሲ ስትገባ የሣጥኑን በር ክፍት ትታ ነው፤ ሰው ቁም ሣጥን ውስጥ ገብቶ በሩን በላዩ መዝጋቱ ታላቅ ሞኝነት እንደ ሆነ ታውቃለችና። ደራሲው ይህን ነገር ደጋግሞ ይናገረዋል፤ የሚያነቡ ልጆች እንዳይታፈኑ መፍራቱ ይመስላል። ወንድሟ ኤድመንድ ግን ዘግቶት ገባ። እርሱም ከጠንቋይቱ ጋራ ተገናኘ፤ በሰጠችውም ጣፋጭ ተታልሎ ወንድሙንና እኅቶቹን ከዳ።

ልብ ወለድ የሚያነብ ልጅም እንዲሁ ነው። በሩን ክፍት ትቶ የገባ ልጅ ጥጆቹ ሲጮሁ ይሰማል፤ ውሃ ቅዳ ሲሉት ይነሣል፤ ማታም ተመልሶ ይገባል። በሩን በላዩ የዘጋ ግን ያለበትን ቤት ይጠላል፤ የጠራውን ሁሉ እንደ ጠላት ያያል። ይህ በእውነት የሚደርስ ጥፋት ነው፤ ደስ የሚል መጽሐፍ ሁሉ እንዲህ ያለ ፈተና አለበት። የመጽሐፉን በር እንዴት ትቶ እንደሚገባ ልጅን ማስተማር የወላጅ ፈንታ ነው፤ መጽሐፉን መቈለፍ ግን ይህን አያስተምረውም።

ስለ አስማተኛ ከሁሉ ይልቅ የሚናገረው በ1955 ዓመት የታተመው ነው፤ ስሙም ሲተረጐም «የአስማተኛው የእኅት ልጅ» ይሆናል። ዲጎሪ የሚባል ልጅ አባቱ ወደ ሕንድ አገር ሄዷል፤ እናቱ በጽኑ ታምማ ተኝታለች። ስለዚህ በሎንዶን ከተማ በአክስቱና በአጎቱ ቤት ተጠግተው ይኖራሉ። አጎቱ አንድሩ ከጣራው ሥር ባለ ክፍል ተዘግቶ አስማት ይሠራል። ሰውን ከዚህ ዓለም ወደ ሌላ ዓለም የሚያሻግር ቀለበት ሠርቷል፤ ለዚሁም ሥራ አስቀድሞ በትንንሽ እንስሳት ላይ ፈተና አድርጓል። እነዚህ ጊኒ ፒግ የሚባሉ ጅራት የሌላቸው ገራም እንስሳት ናቸው። አንዳንዶቹ ሞቱ፤ አንዳንዶቹም ፈነዱ። ዲጎሪ ይህን ሰምቶ ባዘነ ጊዜ አጎቱ የተገዙት ለዚሁ ነው፥ የገዛኋቸውም እኔ ነኝ ብሎ መለሰ። ቀጥሎም ፖሊ የምትባለውን የጎረቤት ልጅ አታልሎ ቀለበቱን አስነካትና ወዳልታወቀ አገር ሰደዳት። አንተስ ለምን አልሄድህም ቢባል ተቈጣ። ሕግ የተሠራው ለልጆችና ለአሽከሮች እንጂ እንደ እርሱ ላለ ታላቅ ዐዋቂ እንዳልሆነም ተናገረ።

እነሆ፥ አስማተኛው ይህ ነው። በራሱ ነፍስ ይፈራል፤ በሌላው ነፍስ ግን ይደፍራል። ይህን ያነበበ ልጅ እንደ አጎት አንድሩ ልሁን ብሎ ይመኛልን? ልጆች ጅል አይደሉም።

ከብዙ ነገር በኋላ ልጆቹም አጎትዬውም ገና ምንም ወዳልተፈጠረበት ጨለማ አገር ደረሱ። በዚያም አስላን የሚባለው አንበሳ እየዘመረ ሣሩን፥ ዛፉን፥ አራዊቱንም ከምድር ሲያወጣ አዩ። ከእንስሳቱም ጥቂቶቹን መርጦ ቋንቋ ሰጣቸው፤ ቋንቋ ላልተሰጣቸውም እንዲራሩላቸው አዘዛቸው። ልጆቹ እንስሳቱ ሲነጋገሩ ሰሙ። አጎት አንድሩ ግን አልሰማም። አንበሳ ሊዘምር አይችልም፤ ይህ ግሣት ብቻ ነው ብሎ ራሱን አሳመነ። ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር ለመስማት ቢሻ እንኳ አልቻለም። እንስሳቱ በትሕትና ሲጠይቁት ጩኸትና ግሣት መሰለው፤ ከድንጋጤውም የተነሣ ወደቀ። እነርሱም ይህ እንስሳ ነው፥ ዛፍ ነው እያሉ ተከራከሩ፤ በመጨረሻም ዛፍ ነው ብለው ጕድጓድ ቈፍረው ተከሉት፤ ዝሆኒቱም በኩምቢዋ ውሃ አጠጣችው። የሚያነብ ልጅ እዚህ ላይ ሲደርስ ይሥቃል፤ ይሣቅ።

አስማትና እንስሳት በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ስለ ተገኙ ባልንጀሮች ይመስላሉ። በዚህ መጽሐፍ ግን ጠላቶች ናቸው። አስማተኛው ፍጥረትን ማዘዝ ብቻ ስለሚፈልግ ፍጥረት ሲናገር አይሰማም። ልጅ ግን ማዘዝን ገና አልለመደምና መስማት ያምረዋል። በእንዲህ ያለ መጽሐፍ የሚደሰት ልጅ ደስ የሚለው በዚሁ ነው፤ ውሻው ወይም ፈረሱ አንድ ቀን አፉን ከፍቶ የልቡን ቢነግረው ብሎ በመመኘት ነው። ይህ ምኞት ከጥንቈላ የራቀ ነው።

የፖሙ ነገር ግን ከሁሉ ይበልጣል። ዲጎሪ በልቡ የያዘው አንድ ነገር ብቻ ነበረ፤ እርሱም የእናቱ መዳን ነው። ለእናቱ መድኀኒት እንዲሰጠው አንበሳውን በለመነ ጊዜ ቀና ብሎ ፊቱን አየ። ታላላቅ እንባ በዐይኖቹ ሞልቶ ነበረ፤ አንበሳው ስለ እናቱ ከእርሱ ይልቅ ያዘነ መሰለው። ከዚያም አስላን በሩቅ ተራራ ላይ ካለ የአትክልት ስፍራ አንድ ፖም ቈርጦ እንዲያመጣ ላከው። በዚያም ጠንቋይቱ ቆማ ጠበቀችው። በልተህ ከእኔ ጋራ ንገሥ ብትለው እንቢ ማለት አላስቸገረውም። እናቱን በጠራችበት ጊዜ ግን ተጨነቀ። ይህን ፖም ለአንበሳው አትውሰድ፤ አሁኑኑ ወደ ቤትህ ሄደህ ለእናትህ አብላት፤ ትድናለች አለችው። ልጁ ቃል ሰጥቷል፤ እናቱ ደግሞ ልትሞት ነው። ፖሙም በእጁ ነው። ከዚህ የጠነከረ ፈተና ለሽማግሌ እንኳ አይገኝም።

ጠንቋይቱ ግን አንድ ቃል ጨመረች፤ ፖሊን እዚሁ ትተሃት ሂድ አለችው። በዚህ ጊዜ የተናገረችው ሁሉ ባዶ ሆኖ ታየው። ፖሙንም ለአንበሳው አመጣለት። ተወርውሮ በወደቀበት ስፍራ ዛፍ በቀለ፤ ከዚያም ዛፍ አስላን ራሱ ለልጁ አንድ ፖም ሰጠው። እናቱ በላችው፤ አንቀላፋች፤ ዳነችም። የፖሙን ፍሬ ነገር ዲጎሪ በሎንዶን በቤታቸው ጓሮ ቀበረው። ከብዙ ዘመን በኋላ ከዚያ የበቀለው ዛፍ በነፋስ ወደቀ፤ ከእንጨቱም ቁም ሣጥን ተሠራ። ሉሲ የገባችበት ቁም ሣጥን ይህ ነው፤ በገጠር የሚኖረው ሽማግሌ ሊቅም ዲጎሪ ነበረ።

ይህን የጻፈው ሰው እናቱን በ1908 ዓመት በካንሰር በሽታ አጥቷል። ያን ጊዜ ዕድሜው 9 ዓመት ነበረ። እንድትድንለት ጸልዮ ነበር፤ እርሷ ግን ሞተች። በዚያው በ1955 ዓመት ስለ ልጅነቱ የሚናገር ሌላ መጽሐፍ አሳትሞ የዚያን ጸሎት ነገር ጻፈ። በዚያ ጊዜ እግዚአብሔርን እንደ አዳኝ ወይም እንደ ፈራጅ ሳይሆን እንደ አስማተኛ አስቦት እንደ ነበረ ተናገረ፤ ይኸውም የተጠየቀውን አድርጎ እንደሚሄድ ማለት ነው። እንግዲህ በአንድ ዓመት ከታተሙት ከሁለቱ መጻሕፍት አንዱ ያላገኘውን ይናገራል፤ ሁለተኛው ደግሞ ሳይሰርቅ የተቀበለ ልጅን ያሳያል። ይህ መጽሐፍ ጥንቈላን ያስተምራል የሚል ሰው ሽፋኑን እንጂ ውስጡን አላየም።

እናቱ ታምማ የተኛችበት ልጅ በእንግሊዝ አገር ብቻ አይደለም ያለው። በዚህም አገር በየትምህርት ቤቱ አንድ ሁለት አይጠፋም፤ ኀዘኑንም ለማንም አይናገር ይሆናል። እንዲህ ላለው ልጅ ይህን መጽሐፍ መንጠቅ ምን ይጠቅማል? አንዳንድ ሰው፥ በዓለም የማይገኘውን ፖም ማሳየት ልጅን ማታለል አይደለምን? ይል ይሆናል። የፖሙን ዛፍ በጓሮው የሚጠብቅ ልጅ ግን የለም። ልጅ ከዚያ ገጽ ላይ የሚያገኘው የአንበሳውን እንባ ነው።

እንዲህ ያለ መጽሐፍ ሁሉ መልካም ነው ማለት አይደለም። በአንዳንዱ እንስሳው ስሙ ብቻ እንስሳ ነው፤ አስማቱም ጠላትን ማቃጠያ ብቻ ነው። እንዲህ ያለውን ልጅ ራሱ አንድ ጊዜ አንብቦ ይተወዋል።

የቀረው የእንስሳቱ ነገር ነው። በኦሪት ዘኍልቍ በምዕራፍ 22 የበለዓም አህያ ሦስት ጊዜ ተደበደበች፤ ከዚያም አፏ ተከፍቶ ምን አድርጌህ ነው? አለችው። በመንገዱ ላይ የቆመውን መልአክ እርሷ አይታው ነበር፤ ነቢዩ ግን አላየውም። በእንግሊዝ አገርም አና ሲዌል የምትባል ሴት በ1877 ዓመት «ብላክ ቢዩቲ» የሚባል መጽሐፍ አሳተመች፤ በዚያ አንድ ጥቍር ፈረስ የሕይወቱን ታሪክ ራሱ ይናገራል። የሠረገላ ፈረሶችን ራስ ወደ ላይ ሰቅሎ የሚይዘው ማሰሪያ ምን ያህል እንደሚያሠቃያቸው ብዙ ሰዎች ከዚህ መጽሐፍ ተረዱ። እርሷ በ1878 ዓመት ሞተች፤ መጽሐፏ ግን እስከ ዛሬ ይነበባል።

በዲጎሪ ታሪክ ውስጥም አንድ የሎንዶን የሠረገላ ፈረስ አለ፤ ስሙ በእንግሊዝኛ የእንጆሪ ስም ነው። ከባለቤቱ ጋራ ሳያስቡት ወደዚያ አዲስ አገር ደርሰው ነበር። አንበሳው ቋንቋ በሰጠው ጊዜ ፈረሱ የቀድሞ ኑሮውን እንደ ሕልም ማስታወስ ጀመረ። ሣር የሌለበት፥ ድንጋይ ብቻ የሆነ አገር ትዝ አለው። አንድ ጥቍር ነገር ከኋላው ታስሮበት ሲጐትት፥ ሲመታም አስታወሰ። ባለቤቱ ደግ ሰው ነበረና አልካደም። ነገር ግን ሥራ ባይኖር ጋጣም ገለባም አጃም አይኖርም ነበር፤ ሲተርፈኝ አጃ አብልቼህ የለምን? አለው። ፈረሱም አጃውን አስታወሰ፤ ዳሩ ግን አንተ ሁልጊዜ ከኋላ ትቀመጥ ነበር፥ እኔ ከፊት እጐትት ነበር ብሎ መለሰለት።

ደራሲው በሁለቱ መካከል አልፈረደም። ባለ ሠረገላው በዚያ አገር የመጀመሪያው ንጉሥ ሆነ፤ ለፈረሱም ክንፍ ተሰጠው።

ይህን ማታ ያነበበ ልጅ በማግሥቱ ጧት ጤፍ በአህያ ጭኖ ከአባቱ ጋራ ወደ ገበያ ይወጣል። አህያው ዳገቱ እኩሌታ ላይ ሲደርስ ይቆማል። አባቱ ከኋላ ሆኖ «ልጄ፥ ምታው እንጂ!» ይለዋል። ልጁ በትሩን አንሥቶ፥ የአህያውን ጆሮ እያየ ጥቂት ይቈያል።